ሞተሩ ጠፍቶ የተለካ ዘይት

ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ከአውቶ መካኒክ መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ዛሬ እጄ እንደገና ዘይት ነካ። ባለቤቴ ምንትዋብ ጥፍሬ ሥር የገባውን በሎሚ ላስለቅቅልህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ይቆይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ሀጀር መኪናዋ ከምትቆምበት ኮብልስቶን ላይ የዘይት ጠብታ አይታ ልቧ ተሰቅሏል። ባሏ ሚስባህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሾላው የበርበሬ መደብር ሌላ ትቶላት የሄደው ይቺን ነጭ መኪና ብቻ ነው። የሚነዳት ታናሽ ወንድሙ ሀሩን ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሱፐርቫይዘሮችን ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ያደርሳል፣ የቀረውን ቀን ተሳፋሪ በስልክ ወደጠራበት ይሄዳል። ሀሩን «ጋራዥ ልውሰዳት» ሲላት «መምህር ታች እያሉ ምን ጋራዥ ያዞርሃል?» አለችው። ሀጀር ሾላ ሆና ብትጣራ ሰሚት ይሰማል። ግቢው በሙሉ ሰማ፣ እኔም ወረድኩ።

ጠብታው ምንም አልነበረም። የሞተር ዘይት ሲሞላ ዳር ላይ የፈሰሰ ነው፣ ጠረግሁት። ከተጎነበስኩ አይቀር የካምቢዮውንም ዘይት ልለካው አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ እውነቱን ለመናገር መለኪያ ዘንጉን ኮፈኑ ሥር አሥር ደቂቃ ፈለግሁት። የላትም። ፊቴን እዚያው ቀብሬ ሌላ ነገር የማይ መሰልኩ። በኋላ ከሥር ገብቼ የልኩን ቡሎን አገኘሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ይኸው አይደል? መሬቱ ደልዳላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቡሎኑ ይከፈታል፣ ትርፉ ይፈሳል፣ መፍሰሱን ሲያቆም ልክ ነው። አራቱንም ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥተን በግንበኛ ውሃ ልክ ደልዳላነቷን አረጋገጥኩ። እንዲህ የሚጠነቀቅ መካኒክ ዛሬ ከየት ይገኛል።

ከፈትኩት። ፈሰሰ፣ ብዙ ፈሰሰ። ትንሿ ቢጫ ሳፋ ልትሞላ ምንም አልቀራትም። ያለፈው ጋራዥ ከልክ በላይ ሞልቶባችኋል አልኳቸው። ሀሩን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «መምህር፣ ሞተሩ መነሳት የለበትም እንዴ? ስልክ ላይ አንዱ እያስነሳ ሲለካ አይቻለሁ» አለኝ። «አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት። የቆሙት ሁሉ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ስልክ ላይ ያየውን ሁሉ እውቀት ይለዋል።

ማታ ሀጀር አንድ ኪሎ በርበሬ ላከችልን። ምንትዋብ ሳፋውን አይታ «ዘይት እንዲህ ቀይ ነው እንዴ?» አለች። የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጬ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት፤ ንጹህ ነው፣ ለአንድ ነገር ይሆናል።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሀሩን ደረጃ ላይ አገኘኝ። ማርሽ ሲያስገባ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት «ትንሽ ታስባለች» አለኝ። የጠዋት ብርድ ነው አልኩት።

ብርድ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሀሩን በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። «መምህር፣ ካልቸኮሉ አንዴ አብረን እንዙር።» እስከ ዋናው መንገድ ወርደን ተመለስን። ቁልቁል ደህና ናት። ሽቅብ ስንመለስ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን እንደ ጩኸቱ አትሄድም። እኔም ሰማሁት።

ነዳጅ በኃይል አትርገጥ አልኩት። አውቶማቲክ መኪና ትዕግሥት ይፈልጋል አልኩት። «እሺ መምህር» አለ። እንዲህ እሺ የሚል ተማሪ ክፍል ውስጥ አግኝቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩና «አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አለካክ» ብዬ ጻፍኩ። ምንትዋብ ስትገባ ዘጋሁት፤ ለምን እንዳፈርኩ አላውቅም። አሌክስ ጋ ልደውል አሰብኩ። ገርጂ ትልቅ ጋራዥ ከፍቷል ይላሉ። ያኔ የካምቢዮ ፈተና ላይ አርባ ሁለት ሰጥቼ የጣልኩት ልጅ ነው። ምን ብዬ ልጀምርለት?

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ጉልበቴ ያመኛል።

የሀጀር ልጅ ፈቲያ ፊዚክስ ይዛ መጣች። እንዲህ ያለች ልጅ እኔም በኖረችኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አጎቴ በመኪናዋ በጣም ተጨንቋል። ለእማዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል፣ እርስዎ ግን ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ።

አውቃለሁ አልኳት።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ቆመች። ከቦሌ ለሚ ሲመለስ ዳገቱ ላይ። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ጎማው አይዞርም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ ይላል ሀሩን። በዝናብ ገፍተው ዳር አወጧት፣ ከዚያ በሌላ መኪና ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ሲመጣ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። መጀመሪያ ያንኳኳው የኔን በር ነው።

«መምህር፣ ምን አድርጌ ይሆን?» አለኝ።

አይዞህ አልኩት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጋራዡ ካምቢዮውን ፈታው። ውስጡ አልቋል፣ ሌላ ይገባል እንጂ አይጠገንም አሉ። ዘይቱ ከልኩ እጅግ ጎድሏል፣ በጎደለ ዘይት ነው የተነዳው አሉ። የሚያንጠባጥብበት ቦታ ፈልገው አላገኙም።

ይህን የሰማሁት ከማንም ሳይሆን ከሀጀር ነው፣ ደረጃው ላይ ቆማ ለሁለት ሴቶች ስታወራ። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ጫማ በማድረግ ላይ ነበርኩ፣ ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ አሰርኩት። «መምህር በገዛ እጃቸው ለክተው፣ አስተካክለው የሰጡት መኪና ነው። ውሃ ልክ አስቀምጠው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ ዘይት የት ገባ? ቢያንጠባጥብ አያይም? መብራት ቢበራ አያይም? የወንድሙን መኪና እንደ ኪራይ ፈረስ ጋልቦ ጨረሳት» ትላለች። አንደኛዋ ሴት «ዘይቱን ሸጦት ይሆናል እኮ» አለች። ሀጀር ዝም አለች።

እሷ ዝም ስትል ግቢው እንዴት ጸጥ እንደሚል ዛሬ አየሁ። ሀሩን ላይ ማስረጃው የኔ ስም ነው። መምህር ስለለካው ልክ ነበር፤ ልክ ከነበረ ያጠፋው ሀሩን ነው።

ይሁን እንጂ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ውስጥ ያለ ላስቲክ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የቀድሞው ጋራዥ ያልሆነ ዘይት ቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ሰው ሳያጣራ ራሱን መወንጀል የለበትም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ለአሌክስ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበር፣ ከኋላው መዶሻ ይሰማል። «መምህር ገሰሰ? እርስዎ ነዎት?» ሲል ደስታው ከልቡ ነበር። አንድ ወዳጄ ጠይቆኝ ነው ብዬ ጀመርኩ። መለኪያ ዘንግ የሌለውን አውቶማቲክ አሁን እናንተ እንዴት ነው የምትለኩት?

«ሞተሩን አስነስተን ነዋ መምህር። ማርሹን በየተራ አስገብተን፣ ዘይቱ ለብ እስኪል ጠብቀን፣ ሞተሩ እየሠራ ነው ቡሎኑ የሚከፈተው። ሲሠራ ዘይቱ ወደ ላይ ተስቦ ውስጡን ይሞላል፣ የሚለካው ታች የቀረው ነው። ጠብ ጠብ ካለ በቃ ልክ ነው።»

«ሞተሩ ጠፍቶ ቢከፈትስ?»

ሳቀ። «ያኔማ ዘይቱ ሁሉ ወርዶ ታች ተኝቷል። የከፈተው ሰው ተረፈ ብሎ ያፈሰዋል። በማኑዋል ካምቢዮ ነው ሞተር የሚጠፋው፣ እሱን እንኳ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ወዳጅዎ ከፍቶት ነው እንዴ?»

አሁን ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። «አይ፣ ልፈትንህ ብዬ ነው» አልኩት።

«እና ስንት ሰጡኝ?»

«መቶ» አልኩት። በጣም ደስ አለው። የዛሬን ያህል በራሴ ያፈርኩበት ቀን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር። ቀኖቹ ግን እየተከታተሉ ነው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

በረንዳው ላይ ያለውን ለካሁት። አንድ ሊትር ከአራት መቶ። ልደፋው አስቤ መለስኩት።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ሀጀር መጣች። ነጠላ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እንዲህ ስትሆን አላውቃትም። ሀሩን ደጃፌን እንዳይረግጥ ብያለሁ አለችኝ። ከግቢው ጀርባ የተከራያት ክፍል አለችው፣ ምሳና እራቱ ግን እሷ ቤት ነበር። አሁን ሁለት ሳምንት ሆነው ካልመጣ። ልጆቹ «አጎቴ የት ሄደ?» እያሉ ያስቸግሯታል።

«ሰው አድርጎ ያሳደገው ሚስባህ ነው» አለች። «መኪናዋ ብረት ናት መምህር። የከፋኝ ዋሽቶኝ እንደሆነ ነው። ዘይቱን ምን እንዳደረገው ይንገረኝ፣ ሌላ አልፈልግም። አላውቅም ይለኛል። እርስዎና ኦቦ ዳጪ ሸምግሉን።»

እኔን። ሽማግሌ እንድሆን የጠየቀችው እኔን ነው።

ለዚህ እኔ አልሆንም ማለት ነበረብኝ፤ ምክንያቱንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ጉልበቴን አሞኛል ማለት ይበቃ ነበር። «መምህር ከሌሉበት ሀሩን አይመጣም፣ እርስዎን ያከብራል» ስትለኝ እሺ አልኩ። ክብር ሲቀርብልኝ እምቢ ማለት አልችልም፣ ይሄ የቆየ በሽታዬ ነው።

ምንትዋብ ሁሉንም ከጓዳ ሰምታለች። ሀጀር ከወጣች በኋላ ብቅ አለች። «ትቀመጣለህ?» አለችኝ። እቀመጣለሁ አልኳት። ሳህን ማጠቧን ቀጠለች።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

የግቢው የጋራ መገልገያ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ኦቦ ዳጪ ይህ ግቢ ሳይሠራ በፊት መሬቱ ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ዕርቅ ሲባል ሰው የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም መርቀው ከፈቱ። ሀጀር በአንድ በኩል፣ ሀሩን በሌላ በኩል። ከስቷል።

ሀጀር ያለችውን አለች። ሀሩን ተራው ሲደርስ እጁን አጣምሮ ቆመና «የነዳሁት እኔ ነኝ። እጄ ላይ ነው የሞተችው። ዘይቱን አልሸጥኩም፣ ሲያንጠባጥብም አላየሁም። የት እንደገባ አላውቅም» አለ። ሞተሩ መነሳት የለበትም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር አላለም። ስለዚያች ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፣ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ነውር ያየ እሱ፣ ነውረኛው እኔ፣ ያፈረው ግን እሱ ነው።

ኦቦ ዳጪ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የለካኸው አንተ ነህ። እኛ የመኪና ሆድ አናውቅም። ያን ቀን ዘይቱ እንዴት ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ የውሃ ጠርሙስ ነበር። እሱን እያየሁ «ልክ ነበር» አልኩ።

ሀጀር ማልቀስ ጀመረች። ኦቦ ዳጪ ነገሩ ይብረድ፣ ሀሩንም ያስብበት ብለው ለነሐሴ 17 ቀጠሩን። ስንወጣ በሩን የያዘልኝ ሀሩን ነው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ልክ ነበር። ሁለት ቃል ናት።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ከቤት አልወጣሁም። ፈቲያ መጥታ ነበር፣ ተኝቷል በይልኝ አልኳት ምንትዋብን። አለችልኝ። እሷንም አስዋሸኋት።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ነው። በየዓመቱ እንደምናደርገው ምንትዋብ አብረን እንቁረብ አለችኝ። ዘንድሮ አንቺ ቁረቢ፣ እኔ ጉልበቴ ቆሞ ለማስቀደስ አይችልም አልኳት።

«ጉልበትህ ነው?» አለች።

ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ።

«ያ ቀይ ዘይት ምን ሆነ?»

ደፋሁት አልኳት። ተነስታ በረንዳ ሄደች፣ ከሽንኩርት ቅርጫቱ ጀርባ ጠርሙሱን አንስታ መጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። አርባ ዓመት ሊሞላን ነው ከተጋባን፤ ስትቆጣኝ መልስ አላጣም፣ ዝም ስትለኝ ነው የምጠፋው። ቀስ በቀስ፣ እየተሸማቀቅሁ፣ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ «ላለማወቅህ ማን ይፈርድብሃል?» አለችኝ። «ያ ልጅ ግን በየቀኑ በስምህ እየተሰደበ ነው።»

ሥራ የማያውቅ መምህር መባል ለሷ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ሌላ ምን አለኝ? ልጅ የለን፣ ሀብት የለን። ደረጃ ላይ «መምህር» ሲሉኝ ነው ሰው የምሆነው። ይህን ጽፌ ሳየው ደግሞ ለዚች ቃል ስል የሰው ስም እየበላሁ እንደሆነ ይታየኛል።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ነገ እናገራለሁ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

የዛሬውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩት ራሴም አላምነውም።

ያው ክፍል፣ ያው አቀማመጥ። ኦቦ ዳጪ ሀሩንን «ምን አሰብክ?» አሉት። «አጥፍቻለሁ» አለ። «ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም አጥፍቻለሁ። ሀጀር እህቴም እናቴም ናት። ልጆቹን ማየት ፈልጌአለሁ።» ተነስቶ እንደ ደንቡ ከሽማግሌዎቹ ጀመረ። መጀመሪያ ጉልበቴን ሊስም የጎነበሰው እኔ ጋ ነው። ፀጉሩን ከላይ አየሁት። ትከሻውን ያዝኩና «ተነስ» አልኩት። «ተቀመጥ። አንተ አላጠፋህም። ዘይቱን የቀነስኩት እኔ ነኝ። ሞተሩን ሳላስነሳ ከፍቼ የሚያስፈልጋትን ዘይት አፈሰስኩባት። መነሳት የለበትም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ አሾፍኩበት። ባለፈው ልክ ነበር ያልኩትም ውሸት ነው። የካምቢዮውን ወጪ እኔ እችላለሁ።»

ይኸው፣ ተናገርኩ። የጠበቅሁት ስድብ ነበር፤ ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

ኦቦ ዳጪ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሰማችሁ?» አሉ። «ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው። ሁለት ሰው ለማስታረቅ ጥፋቱን ወደ ራሱ ጎተተ። ወጪውንም ወሰደ። እንዲህ ያለ ሰው ድሮ ነበር የማውቀው።»

«እውነቴን ነው ኦቦ ዳጪ» አልኩ።

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አሉ እጄን እየዳበሱ።

ሀጀር ተነስታ «መምህር ለኔ ቤት ብለው እስከዚህ ራሳቸውን ካዋረዱ እኔ ማን ነኝ?» አለችና ሀሩንን አቀፈችው። «ለእሳቸው ስል ትቼልሃለሁ» አለችው። ኦቦ ዳጪ ለምርቃት ተነሱ። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ነበረብኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ። ጠረጴዛ መምታት ነበረብኝ። እኔ ግን ተነስቼ ቆምኩና እያንዳንዱ ምርቃት ላይ አሜን አልኩ። እዚህ እንኳ ካልዋሸሁ፣ ከአሜኖቹ መሃል አንዱ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ተናግሬ ስሜም ተረፈልኝ ብዬ።

ሀሩን አሜን አላለም።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ዳቦ ቤት ተራዬን ለቀቁልኝ። የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አያሌው እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «ሰማን፣ ሰማን» አለኝ። ደረጃ ላይ ያቺ ዘይቱን ሸጦት ይሆናል ያለችው ሴት ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። አሌክስም ወሬው ገርጂ ደርሶት ደወለ መሰለኝ፣ አላነሳሁትም።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ሀሩንን ታክሲ ተራው ጋ አገኘሁት፣ ከጁምዓ ሲመለስ። አብረን በእግር መጣን። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፣ እዚያው መንገድ ላይ።

«እርስዎ ተናግረዋል መምህር። እኔ ሰምቻለሁ» አለ።

ለምን በሽምግልናው ቀን «ጠይቄአቸው ነበር» አላልክም አልኩት።

«እርስዎ ባሉበት? ብልስ ማን ያምነኛል?» ትንሽ ሄድን። «ይቅር ተብያለሁ መምህር፣ ግን ባላጠፋሁት ነው ይቅር የተባልኩት። ትናንት ፈቲያ አይዞህ አጎቴ፣ ሁሉም ሰው ይሳሳታል አለችኝ። ከሀጀር ስድብ ሁሉ ያቺ ባሰችብኝ። ሀጀር እንጀራዋን ታቀርብልኛለች፣ መኪናዋ ተሠርታ ስትወጣ ግን ሌላ ሹፌር ትቀጥራለች። ከበዓል በኋላ ቡታጅራ እገባለሁ። የወንድሜን መኪና ያቃጠለ እየተባልኩ እዚህ መኖር አልቻልኩም።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጣኝ እንዴት በቀለለኝ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ጠርሙሱን ይዤ ሀጀር ቤት ወጣሁ። ያፈሰስኩት ይኸው አልኳት፣ አንድ ሊትር ከአራት መቶ፣ ከመኪናሽ የወጣ ነው። ሞተር ጠፍቶ ሲለካና ተነስቶ ሲለካ ያለውን ልዩነት ወረቀት ላይ ሥዬ አስረዳኋት። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ለአንዲት ሴት ማስረዳት አቃተኝ።

«መምህር፣ ይብቃዎት» አለችኝ። «ዘይት የትም ይገዛል። ለእሱ ብለው ስምዎን ምን ያደርጉታል? እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። መኪናዋን ግን አልሰጠውም፣ እሱን አይለምኑኝ።» አሌክስን ላምጣልሽ፣ እሱ ይንገርሽ ልል ነበር። ተማሪዎን አስጠንተው አመጡት እንደምትለኝ ስለገባኝ ተውኩት።

በደጉ ጊዜ ያከማቸሁት ስም ነው አሁን የማይሰበረው። ውሸት ስናገር በአንድ ቃል ታመንኩ። እውነቱን ሁለቴ ተናግሬ የሚያምነኝ አጣሁ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሀሩን ሻንጣ ገዝቷል። ምንትዋብ ነች ያየችው።

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ማንም እንዲያየው ብዬ አልጻፍኩትም። ሰኔ 14 ላይ ያለው ሰውዬ እንዴት ያለ ጉረኛ ነው። ሐምሌ 5 ላይ ላስቲክ ተበልቶ ይሆናል ይላል። የሆነውን እንዳለ፣ በቀኑ፣ በገዛ እጁ ጽፎታል። ሰኔ 14 የተጻፈን ነገር ለማስታረቅ ብሎ ጻፈው ማንም ሊል አይችልም፣ ሀጀርም ብትሆን። ያኔ ጠብ አልነበረም።

ገጾች ልቀድ ነበር። አሜን ብዬ ደስ ያለኝን፣ ፍልሰታን፣ ምንትዋብን ያስዋሸሁበትን። አንዱን ይዤ ከጫፉ ትንሽ ቀድጄዋለሁ፣ ምልክቱ ይታያል። ከዚያ ተውኩት። አንዱ ከጎደለ ሌላውም አይታመንም። ምንትዋብ «ሁሉንም ታሳያታለህ?» አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። ሽሮ ልትሠራ ተነሳች፣ ዛሬ በልተህ ትወጣለህ አለች።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ለአንቺ ነው ሀጀር።

ስለ አንቺም ያልተገባ ነገር ጽፌአለሁ፣ ታገኚዋለሽ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ። እዚህ ደብተር ውስጥ ዘይቱ ፈሰሰ፣ ቆመች፣ ተቃጠለች እያልኩ ኖሬአለሁ፣ አንድም ጊዜ በቀጥታ አልጻፍኩትም። አሁን ልጻፈው፤ የሚስባህን መኪና ያበላሸሁት እኔ ገሰሰ ነኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ከዚያም ወንድሙ እንዲከሰስበት ተውኩት፣ ፊቱ ተቀምጬም ፈረድኩበት።

አንቺ ጽሑፍ ያደክመኛል ትያለሽ፤ ፈቲያ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ልጅቷ እኔን በዚህ መልክ እንድታውቀኝ አልፈልግም ነበር፣ ግን ለአጎቷ አይዞህ ሁሉም ይሳሳታል ያለችው እሷ ናት፣ እሷ ትስማ። ሀሩንንም ጥሪው፣ አጠገባችሁ ይቀመጥ። እኔ ታች ግቢው ውስጥ እቆያለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ። ካልጠራችሁኝም ይገባኛል።